ተማሪው እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ለምን ዝም ይላል?

ጎጃም ውስጥ ቢቸና ወይም ሞጣ ሄዳችሁ የ9ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብትታደሙ ብዙ ድምፅ አትሰሙም። መምህሩ ይጠይቃል፤ ተማሪው ዴስኩን ያያል። አንዱ ደፍሮ ይነሳና ግስ ያበላሻል። ክፍሉ ያውካካል። ልጁ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ እጁን ለማውጣት ዓመቱን ሙሉ ያመነታል።

እኛም "የዛሬ ተማሪ ሰነፍ ነው" ብለን እናልፈዋለን። እኔ አልስማማም። አብዛኛው ዝምታ ሀፍረት ነው።

በፈረንጆቹ 1986 ኢሌን ሆርዊትዝ የተባለች የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪና ባልደረቦቿ የውጭ ቋንቋ ክፍል ውስጥ የሚሰማን ይህን መሰል ፍርሃት የሚለካ ባለ 33 ነጥብ መጠይቅ አሳትመው ነበር። ፍርሃቱን ከሦስት ነገሮች ጋር አያያዙት፦ ከመናገር ፍርሃት፣ ከፈተና ፍርሃት፣ ከ"ሰው ምን ይለኛል"። ሦስተኛውን ይሉኝታ ላሳደገው ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

የእኛ ልጆች ፍርሃት ግን እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ አይቀርም። በአንደኛ ደረጃ በአማርኛ የተማረ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። መልሱን እያወቀው ዝም ይላል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁሉን ነገር በቋንቋ አላሳብብም። ግን ጥያቄውን ለማንበብ የሚታገል ልጅ መቼ ያስባል?

ከገጠር ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ፣ ከተማ ቤት ተከራይቶ ለሚማረው ደግሞ ይብሳል። ከኬጂ ጀምሮ እንግሊዝኛ የሰማ የከተማ ልጅ አጠገቡ ተቀምጧል። ከክፍል ወጥቶ ልለማመድ ቢል "ፈረንጅ ሆንክ እንዴ?" ይባላል። ሲሳሳት ይሳቅበታል፤ ሲችል ጉረኛ ይባላል። ታዲያ ዝም ቢል ይፈረድበታል? መምህሩም ቢሆን ያፍራል፤ ብዙው ሳይታወቀው ወደ አማርኛ ይሸሻል። ፈተናው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ስለሆነ ደግሞ መናገርን ማንም አይጠይቀውም።

የሚገርመው ይህ የሚሆነው ጎጃም ውስጥ መሆኑ ነው። ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ ያሉት የቅኔ ጉባኤ ቤቶች የማንም የአፍ መፍቻ ባልሆነ ቋንቋ፣ በግዕዝ፣ ባለቅኔ ሲያወጡ ኖረዋል። ተማሪው ግሱን እያጠና ከአጭሩ ቅኔ፣ ከሁለት ቤት (ስንኝ) ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ጥግ ይዞ ይቆጥራል፣ ማለትም የራሱን ቅኔ ያሰናዳል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርመዋል። በማግስቱ ሌላ ይቆጥራል። ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ እያለ በየቅኔው ዓይነት እስከ ከባዱ መወድስ ይወጣል። ጀማሪን መወድስ አምጣ የሚል የለም። የቆሎ ተማሪ ኑሮ ምቹ ነው እያልኩ አይደለም፤ ረሃቡም ውሻውም አለ። ነገር ግን እዚያ መታረም የዕለት ሥራ ነው። ልጁ ከመጀመሪያው የራሱን ነገር ይፈጥራል። በእንግሊዝኛው በኩል ግን ግራመር ሲያከብብ ኖሮ ሁለት የራሱን ዓረፍተ ነገር ሳይናገር 12ኛን የሚጨርስ ሞልቷል።

እዚህ ላይ በጀት የሚጠይቅ ነገር የለም። እያንዳንዱ ተማሪ ስለ ራሱ ቀን ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። መጀመሪያ አጠገቡ ላለው ልጅ ያንብብ፣ ከዚያ ለቡድኑ፤ ለክፍሉ የሚያነበው ሲፈልግ ነው። እርማቱ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ይሁን። ቃል ሲጠፋው በአማርኛ ይጠይቅ። ሳቅን ግን መምህሩ እንደ ኩረጃ ይቁጠረው።

በግጭቱ ብዙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት በአማራ ክልል ስለ እንግሊዝኛ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ለእኔ ጊዜው አሁን ነው። ትምህርት ያቋረጡት ልጆች ሲመለሱ በዕድሜ ከሚያንሷቸው ጋር ይቀመጣሉ። ለእነሱ መሳሳት እጥፍ ያሳፍራል። ስለዚህ በሩ ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ ማርክ ይሁኑ፤ ልጆቹ ይናገሩ፣ ይሳሳቱ፣ ይታረሙ። ፈተናው በኋላ ይደርሳል።