ከፍዬ የገዛሁት ዘፈን አልከፈት አለኝ

ቅዳሜ ዕለት የድሮ ሃርድ ዲስኬን ከመሳቢያ አውጥቼ ኮምፒውተሬ ላይ ሰካሁት። ፎቶ ፍለጋ ነበር። ፎቶውን ትቼ «ሙዚቃ» የሚል ፎልደር አገኘሁ። ውስጡ 63 ዘፈን አለ። እዚህ አሜሪካ በመጣሁ ሰሞን አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን በ99 ሳንቲም የገዛኋቸው ናቸው። ደስ አለኝ። የመጀመሪያውን ጠቅ አደረግኩት። «ይህን ፋይል ለማጫወት ፈቃድ የለዎትም» የሚል መልእክት መጣ። ሁለተኛውን ሞከርኩ፤ ያው ነው። አሥራ አምስተኛው ላይ ስደርስ ተውኩት።

የሸጠልኝ የኢንተርኔት መደብር ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። ዘፈኖቹ ቁልፍ አለባቸው። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ከመደብሩ ሰርቨር ፈቃድ ይጠይቃሉ። ሰርቨሩ ደግሞ ጠፍቷል። ስለዚህ ፋይሉ እጄ ላይ ነው፤ ማዳመጥ ግን አልችልም።

በዚያ ዘመን አብሮኝ ይኖር የነበረ ጓደኛዬ አንድም ዘፈን ገዝቶ አያውቅም። ሁሉንም ሰዎች ፋይል በነፃ ከሚጋሩባቸው ፕሮግራሞች፣ ከካዛና ከላይምዋየር ነው ያወረደው። ደውዬ ጠየቅኩት። የእሱ እስከ ዛሬ ይሠራል። እዚያው ስልክ ላይ እያለን ከፍቶ አሰማኝ።

አንጀቴ ያረረው ያኔ ነው። ያ ቁልፍ እኮ የተሠራው በነፃ የሚያወርደውን ሰው ለመከላከል ነበር። የተቆለፈበት ግን እኔ ነኝ፣ ከፋዩ።

የሙዚቃ ኩባንያዎቹ በነፃ አውራጁ ላይ የከፈቱት ጦርነት ከመጀመሪያውም እንዲህ ነው የሄደው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ዘፈን በነፃ የሚጋሩበት ናፕስተር በ1999 መጣ፤ በዚያው ዓመት ከሰሱት፤ በ2001 ተዘጋ። ሰዉ ወደ ካዛ ዞረ፣ ከዚያ ወደ ላይምዋየር። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል። በዚህ መሀል ኩባንያዎቹ ፊታቸውን ወደ ተራው ሰው መለሱ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። በሴፕቴምበር 2003፣ በማኅበራቸው በአርአይኤኤ አስተባባሪነት፣ በአንድ ጊዜ 261 ሰዎች ላይ ክስ መሠረቱ። ከነዚያ መካከል የ12 ዓመት ልጅ ነበረች፣ የኒውዮርክ ልጅ። እናቷ 2,000 ዶላር ከፍላ ተገላገለች። እስከ 2008 መጨረሻ ድረስ ክስ ወይም ማስፈራሪያ የደረሳቸው ሰዎች 35,000 ገደማ ሆኑ።

አሠራሩ ነው ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ። የኩባንያዎቹ ሰዎች ፋይል መጋሪያው ውስጥ ገብተው የአይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመሩን መለያ ቁጥር) ይመዘግቡ ነበር። ከዚያ በፍርድ ቤት በኩል የኢንተርኔት አቅራቢውን ድርጅት የደንበኛውን ስም ያስወጡታል። ቀጥሎ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፤ ይህን ያህል ሺህ ዶላር ክፈልና እንጨርስ፣ አለዚያ ፍርድ ቤት እንገናኝ። አይፒ አድራሻ ደግሞ ኢንተርኔቱ በማን ስም እንደገባ ነው የሚናገረው። ኮምፒውተሩ ላይ ማን ተቀምጦ እንደነበር አይናገርም። ልጅ ይሁን፣ ደባል ይሁን፣ እንግዳ ይሁን ማን ያውቃል? ግን እንዴት ትከራከራለህ? የጠበቃው ክፍያ ከሚጠይቁህ ገንዘብ ይበልጣል። ብትሸነፍ ደግሞ ሕጉ ለአንድ ዘፈን ቢያንስ 750 ዶላር፣ ሆን ብለህ ነው ከተባለ እስከ 150,000 ዶላር ያስከፍልሃል። ስለዚህ ያደረገውም ያላደረገውም ኪሱን ዳብሶ ይከፍል ነበር።

እከራከራለሁ ያለችውን የሚኒሶታ እናት እዩ። ክሱ 24 ዘፈን ነው። በ2007 ጁሪው (ከተራ ዜጎች የተመረጠው ፈራጅ ቡድን) 222,000 ዶላር ፈረደባት። ችሎቱ እንዲደገም ታዘዘ፤ በ2009 ሁለተኛው ጁሪ 1.92 ሚሊዮን ዶላር አለ። ለአንድ ዘፈን 80,000 ዶላር! ዳኛው ራሳቸው በዝቷል ብለው ወደ 54,000 አወረዱት። ሦስተኛው ጁሪ መልሶ 1.5 ሚሊዮን አደረገው፣ ዳኛው መልሰው ቀነሱት፣ በመጨረሻ በ2012 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ወደ 222,000 መለሰው። ያን ሁሉ ዘፈን ከመደብር ብትገዛው 24 ዶላር አይሞላም ነበር። አንዲት ሴት ዓመታት ሙሉ በዚህ ስትንገላታ ኖረች።

የዘፋኙ ላብ በነፃ ይወሰድ እያልኩ አይደለም። እኔ የገዛሁት እኮ ዘፋኙ ይከፈለው ብዬ ነው። ከ1999 በኋላ የአሜሪካ የሙዚቃ ገቢ ክፉኛ እንደወደቀም አውቃለሁ። ግን ተራውን ሰው የከሰሱት ዘፋኞቹ አልነበሩም። ኩባንያዎቹ ናቸው።

ከፋዩን ሲመቱ ደግሞ ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። በ2005 ከኩባንያዎቹ አንዱ፣ ሶኒ ቢኤምጂ፣ የሸጣቸው ሲዲዎች ኮምፒውተር ውስጥ ሲገቡ የተደበቀ ሶፍትዌር ይጭኑ ነበር፤ ቅጂ ለመከላከል ተብሎ። ሶፍትዌሩ ለቫይረስ በር ከፈተ፣ ሲዲዎቹም ከገበያ ተሰበሰቡ። ማን ነው የተጎዳው? ሱቅ ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ ሲዲ የገዛው ሰው። በነፃ ያወረደው ምንም አልነካውም።

«ቁልፉን ስበረውና አዳምጥ» አለኝ ጓደኛዬ። መስበሪያው እንዳለ አውቃለሁ። ነገር ግን በ1998 የወጣው የአሜሪካ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ እንዲህ ያለውን ቁልፍ መስበር ይከለክላል። በገዛ ገንዘቤ የገዛሁትን ዘፈን ለማዳመጥ ሕግ ልጣስ? ሕግ ላለመጣስ ብዬ አይደል እንዴ የገዛሁት?

ቁልፉ እንደማይጠቅም ኩባንያዎቹ ራሳቸውም ዘግይተው ገብቷቸዋል። በ2009 የአፕል መደብር አይቲዩንስ ዘፈኖቹን ሁሉ ያለ ቁልፍ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ በፊት ከሌላ መደብር የገዛነውን ግን ዞር ብሎ ያየን የለም። እንደገና ግዙ ነው ነገሩ። ለዚያው ዘፈን ሁለተኛ ልክፈል?

ዘፈኖቹ ዛሬም የእነዚያው ኩባንያዎች ናቸው፤ ዛሬም ይሸጧቸዋል። ደረሰኞቼ ኢሜይሌ ውስጥ አሉ፣ ቀናቸውም ዋጋቸውም ተጽፎባቸዋል። ደረሰኝ ላሳይ፣ የከፈልኩበትን ክፈቱልኝ።