ስሙ ማን ነው? ስማ!

እዚሁ ፍራንክፈርት ያለ ወዳጄ ያገለገለ ኦዲ መኪና ገዛ። በዚያው ቀን ደወለልኝ።

«ለመሆኑ ኦዲ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ስማ።»

«እየሰማሁ ነው፤ ንገረኛ!»

«ስማ ነዋ!»

«ሰማሁ አልኩህ እኮ!»

ልንጣላ ትንሽ ነበር የቀረን።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነው። አውጉስት ሆርኽ ይባላል። እንደ ፈረንጆቹ በ1899 ኮሎኝ ላይ በስሙ የመኪና ድርጅት ከፈተ፤ በኋላም ወደ ጽቪካው ከተማ አዞረው። በ1909 ከኃላፊዎቹ ጋር ተጣልቶ ወጣ። እዚያው ከተማ ሌላ ፋብሪካ አቋቋመና ያንኑ ስሙን ሰጠው። የድሮዎቹ ሰዎች ከሰሱት፤ በገዛ ስሙ እንዳይጠቀም ተከለከለ። እኛ ዘንድ በሽርክና የተጣላ ሰው ገንዘቡን ያጣል እንጂ የአያቱን ስም ሲያስረክብ አላየሁም።

አንድ ሸሪኩ ቤት ተሰብስበው ስም ሲያማርጡ፣ ጥግ ይዞ ላቲን የሚያጠና የቤቱ ልጅ ጣልቃ ገባ። ሆርኽ በጀርመንኛ «ስማ» ማለት ነው፤ ለምን በላቲን «ኦዲ» አትሉትም? አለ። እኛ ቤት ቢሆን «ትልቅ ሰው ሲያወራ ዝም በል!» ተብሎ ወደ ጓዳ ይባረር ነበር። እነሱ ሰሙት። በ1910 ድርጅቱ ኦዲ ተባለ። ሰሙ ተለወጠ እንጂ ወርቁ ያው ነው።

(ኦዲት የሚለው ቃልም ከዚሁ ከላቲኑ «መስማት» የመጣ ነው። ኦዲተር መጣ ሲባል የሁላችንም ጆሮ የሚቆመው ለካ በከንቱ አይደለም።)

በ1932 ኦዲና ሆርኽ ከሌሎች ሁለት ድርጅቶች ጋር አንድ ሆኑ። የኦዲ ዓርማ ላይ የምናያቸው አራቱ ቀለበቶች ያኔ የታሰሩ ናቸው። ሁለት «ስማ» በአንድ ጣሪያ ሥር! ሰሚው ማን እንደነበረ እንጃ።

ወዳጄ ታሪኩን ወደደው። ቡና በተፈላበት ሁሉ ይተርከዋል፤ ከጀመረ ደግሞ ማንንም አይሰማም። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የነጠላው ጫፍ በሩ ላይ ተቀርቅሮ ውጭ ቀረ። መስኮቱን ዘግቶ፣ መዝሙሩን ለቆ ተነሳ። ጥለቱ ዝናብ ባራሰው አስፋልት ላይ ይጎተታል።

«ስማ! ኧረ ስማ!» እያልኩ ሮጥኩ።

በመስታወት አየኝ። መስኮቱን በጣት ያህል ዝቅ አድርጎ «አዎ፣ እሷው ናት!» አለኝና ነዳጅ ሰጠ።