የአይጧ ጤና ለሁላችን

የታመመ ሊጠይቅ ሲሄድ ባዶ እጁን የማይሄድ ሰው ይባረክ። ታማሚዋ የሰሞኑ ኬሞቴራፒ አድክሟት ገና ቀና አላለችም። እርሱ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያወጣና «እኅቴ፣ ይህን አንብቢው፤ አኩፓንቸር የሚሉት የቻይናውያን የመርፌ ሕክምና በሽታ የመከላከል አቅምሽን ቀስቅሶ ካንሰሩን ድራሹን ያጠፋዋል» ይላል። ምሥራች ቀጠሮ አይጠብቅም።

የምሥራቹ ምንጭ አይጥ ናት። ተመራማሪዎች በሰው እግር ቢሆን ከጉልበት አራት ጣት ዝቅ ብሎ ወደ ውጭ በሚገኘው፣ ቻይናውያን ዙሳንሊ በሚሉት ነጥብ ላይ መርፌ ሰክተው ቀላል ኤሌክትሪክ ለቀቁባት። ከዚያም በጣፊያዋ ውስጥ «ተፈጥሯዊ ገዳይ» የሚባሉት በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ሥራቸው መጨመሩን ለኩ። ከዚህ በኋላ ተመራማሪው «ይመስላል» እያለ ያቅማማል። የእኛ ጠያቂ ወኔው ሙሉ ነው፤ በአንድ ዝላይ አይጧን ሰው፣ በሌላው የላቦራቶሪ ቁጥሯን ፈውስ ያደርጋታል። በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፣ የሕዋስ መነቃቃትም ዕጢ ለመክሰሙ ማስረጃ አይሆንም የሚለው ለእርሱ የፈሪ ወሬ ነው።

ትሕትናውስ! መርፌው በእርግጥ የሚረዳበትን ነገር አንሥቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠሩት የባለሙያዎች ጉባኤ፣ ኬሞቴራፒ የሚያስከትለውን ማቅለሽለሽና ማስመለስ እንደሚያስታግስ ተቀብሏል። ማቅለሽለሽ ግን ለእርሱ ክብር አይመጥንም። (የሚያስመልሳት እርሷን ነዋ።)

ነጭ የደም ሕዋስ በተመናመነበት ሰሞን ቆዳ መብሳት ለኢንፌክሽን በር ሊከፍት ስለሚችል፣ «መጀመሪያ የደም ምርመራዋን ልይ» የሚል ጠንቃቃ የመርፌ ባለሙያ ቢገጥመው «ይህ በሥራው አያምንም» ብሎ ሌላ ያፈላልግላታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ካንሰራቸው ገና ሳይሠራጭ አማራጭ ሕክምናን ብቻ የመረጡ 281 ታማሚዎችን መዝገብ መርምሮ፣ የመሞት ዕድላቸው መደበኛውን ሕክምና ከወሰዱት ሁለት ተኩል እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። ልኬለት ነበር፤ «ረዘመብኝ» አለ።

ያው የ1997ቱ ጉባኤ ከጥርስ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣ ሕመምም አኩፓንቸር ይረዳል ብሎ ነበር። ጠያቂያችን ጥርሱን ሲነቀል የለመነው ግን ማደንዘዣ ያለበትን መርፌ ነው፤ ያንንም «ትንሽ ይጨመርልኝ» እያለ።