የመስቀል ወፍ የትም አይሄድም
«የመስቀል ወፍ በመስከረም ከሩቅ አገር መጥቶ ይመለሳል» የሚለው አልተዋጠልኝም። ስሙ እንደየአካባቢው ለተለያየ ወፍ ይሰጣል፤ እኛ ሱሉልታ ሜዳ ላይ የምንለው ግን ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ከጅራቱ በላይ ቢጫ የሆነውን ወንዱን ነው። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው! በበጋ ላባውን ቀይሮ እንደ ሴቷ ቡናማ ስለሚሆን ድንቢጥ መስሎን እናልፈዋለን። ሲበር ልብ በሉ፣ ቢጫው አይጠፋም። ባለፈው ሐምሌ መግቢያ ዝናቡ ጋብ ሲል አንዱን ጥቁሩን ገና ግማሽ ለብሶ፣ ዝንጉርጉር ሆኖ አየሁት፤ ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። «በክረምት ደግሞ ምን ይታያል?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ እዚያው ረግረጉ ዳር ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የማይገኘውን ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ፈልጊ፤ አንገቱን ወደ ጀርባው አስደግፎ ነው የሚራመደው። ቦቲ ጫማ አድርገሽ ሂጂ።