ቲቸር ካረፉ በኋላ የለጠፍነው ሻማ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣ ነው። ከራሴ ስለምጀምር ታገሡኝ።

የአንደኛ ደረጃ መምህራችን ያረፉ ቀን ስልኬ በሻማና በፎቶ ተጥለቀለቀ። «እናቴ ነበሩ»፣ «ውለታዎን መቼም አልረሳም»። እኔም ሻማዬን ለጠፍኩ። ቀብር ላይ አንዲት ዘመዳቸውን አገኘሁና ጡረታ ከወጡ ወዲህ ማን ይጠይቃቸው እንደነበር ጠየቅኳት። የሁለት ጎረቤቶቻቸውን ስም ጠራችልኝ። ከተማሪዎቻቸውስ? ዝም አለች። እኔም መሬት መሬቱን አየሁ።

መቼም አልረሳም ያልነው ሁሉ፣ ረስተን ነበር።

ለመሆኑ ውለታው ምን ነበር? «እናቴ ነበሩ» ማለት ቀላል ነው፤ ምንም አይናገርም። እኔ የማስታውሰውን ልንገራችሁ። ክፍላችን ውስጥ ማንበብ የሚያቅተው ልጅ ነበር። ተነሥተህ አንብብ ሲባል ላብ ያጠምቀዋል። እኛ ደግሞ ለመሳቅ እንዘጋጃለን፤ ልጅ ሲባል ጨካኝ ነው። ቲቸር አጠገቡ ሄደው ጎንበስ ይሉና፣ ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ አብረውት ያነባሉ። ሲያውቀው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሲጠፋው ከፍ ያደርጋሉ። እኛ የምንሰማው አንድ ወጥ ንባብ ነው፤ የቱ ጋ እንደጠፋው አንለይም። ሳቃችን አፋችን ውስጥ ይቀራል። ወራት አለፉ። አንድ ቀን ልብ ብዬ ሳይ የቲቸር ከንፈር ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ድምፁ የልጁ ነበር።

ያ ልጅ ዛሬ መድረክ ላይ ቆሞ የሚናገር ሰው ነው። እሱም እንደኛው ሻማ ለጥፏል።

እኛ ግን ምን ስናደርግ ኖርን? ሲቪያችን ላይ የዩኒቨርሲቲውን ስም በትልቁ እንጽፋለን። ስንመረቅ ፕሮፌሰሩን አመሰገንን። እርሳስ አያያዝ ያሳየንን ሰው ማን አነሣው? ይባስ ብለን አንድ ሰው መምህር ሲሆን «አስተማሪ ሆኖ ቀረ» እንላለን። ቀረ! ከየት ነው የቀረው?

የዓለም የመምህራን ቀን የሚባል አለ፣ ኦክቶበር 5። ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 1994 ነው ያወጀው፤ በ1966 ስለ መምህራን መብትና ኃላፊነት የወጣው ዓለም አቀፍ ምክረ ሐሳብ የጸደቀው በዚያ ዕለት ስለሆነ። ጥሩ ነው። እኛ ግን የዚያን ቀንም ፖስተር አጋርተን ወደ ጉዳያችን ነው።

ፈረንሳዊውን ደራሲ አልበርት ካሙን ተመልከቱ። አባቱ በጦርነት ሲሞት ገና ዓመት አልሞላውም። እናቱ የሰው ቤት እያጸዳች ነው ያሳደገችው። የአንደኛ ደረጃ መምህሩ ሉዊ ዠርማን ግን ከክፍል ውጪ ጭምር አስጠንተው ለነጻ ትምህርት ዕድል ፈተና አበቁት። በ1957 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዓለም ስለ እሱ ሲያወራ እሱ ቁጭ ብሎ ለእኚያ መምህር ደብዳቤ ጻፈ። «ከእናቴ ቀጥሎ ያሰብኩት እርስዎን ነው» አላቸው። መምህሩ በሕይወት ነበሩ፤ አነበቡት። ካሙ በጃንዋሪ 1960 በመኪና አደጋ ሞተ። ቀድሞ የሄደው ተማሪው ነው።

ስለዚህ «አንድ ቀን እሄዳለሁ» የምትሉኝን አልሰማም። እኔም እንደዚያ እያልኩ ነው የቀረሁት። ኖቤል እስክትሸለሙም አትጠብቁ።

የማን መምህር በሕይወት እንዳሉ የክፍል ጓደኞቻችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ። አንዱ ስልካቸውን አያጣም። ስትደውሉ «አወቁኝ?» እያላችሁ አታስጨንቋቸው፤ ስንት ሺህ ልጅ አስተምረዋል። ስማችሁን ከነአባታችሁ ንገሯቸው። ስንተኛ ክፍል እንዳስተማሯችሁ፣ የት ትቀመጡ እንደነበር ጨምሩበት። ከተቻለ ደግሞ በአካል ሂዱ፤ ለፎቶ ሳይሆን ለመቀመጥ።