ለንደን ዘፈነች፣ ሪያድ ወሰደች

የ2027ቱ ሬስልማኒያ፣ የአሜሪካ ሬስሊንግ ትልቁ ዓመታዊ ትርኢት፣ ሪያድ መሄዱ እኔን አላስገረመኝም። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ ጨዋታውም የእነሱ ነው።) ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው። የትርኢቱ ባለቤት ደብሊው ደብሊው ኢ የሚባለው ኩባንያ ከ2018 ጀምሮ ከሳዑዲዎች ጋር ምን እንደተዋዋለ ሬስሊንግ የሚከታተል ሁሉ ያውቃል። እኔን ያበሸቀኝ ለንደን የተሸነገለችበት መንገድ ነው። ጁላይ 2023 ዝነኛው ሬስለር ጆን ሲና ለንደን ኦ2 አዳራሽ ውስጥ ሳይታሰብ ብቅ አለ። የመጣሁት ሬስልማኒያን ወደ ለንደን ለማምጣት ነው አለ። አዳራሹ በጩኸት ሊፈርስ ደረሰ። የከተማዋ ከንቲባ ሳይቀሩ ወሬውን ለምርጫ ቅስቀሳ ተጠቀሙበት። ሴፕቴምበር 2025 ላይ ሬስልማኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰሜን አሜሪካ ሊወጣ መሆኑ ተነገረ። ወደ ሪያድ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ የተሰጠው ማጽናኛ ደግሞ ከውሳኔው ይብሳል። እንግሊዞች ምን ጎደለባቸው? ትልልቅ ትርኢት ይመጣላቸዋል፣ ልጆቻቸው በየሳምንቱ ቴሌቪዥን ላይ ናቸው፣ ከዚህ በላይ ምን ውክልና ይፈልጋሉ? የሚል ነው።

እሺ፣ ቴሌቪዥን ላይ ናቸው። ግን ምን ሆነው?

ሬስሊንግ ውስጥ ገጸ ባሕሪውንም አሸናፊውንም አስቀድሞ የሚጽፈው ኩባንያው ነው። የአሜሪካ ሬስሊንግ ደግሞ ለብሪታኒያ ሰው ሁለት ልብስ ሰፍቷል። አንዱ የሎርድ ነው፦ ካባ፣ ዘውድ፣ የሻይ ስኒ፣ ወደ ላይ የተቀሰረ አፍንጫ። ሌላው የሰፈር ዱርዬ ነው፦ ኮፍያ፣ የሱሪ ማንጠልጠያ፣ የተሰበረ አፍንጫ። ስኮትላንዳዊ ከሆነ ኪልት የሚባለው የወንዶች ቀሚስና ሰይፍ ይታከልለታል። ከዚህ ውጭ የሚመጣ ካለ ወይ ከእነዚህ አንዱን ይለብሳል፣ ወይ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ልብስ መሆኑን የሚጠራጠር ካለ ማን ማን እንደለበሰው ይይ። ሮዲ ፓይፐር ኪልቱን ታጥቆ ባግፓይፕ እያስነፋ ሲገባ አስተዋዋቂው ከግላስጎው፣ ስኮትላንድ የመጣ ነው ይል ነበር። ሰውየው ካናዳዊ ነው፤ የሳስካቱን ልጅ። ቦቢ ኢተን ደግሞ የአላባማ ሰው ነው። በ1995 ደብሊው ሲ ደብሊው የሚባለው ሌላው የሬስሊንግ ኩባንያ ድንገት ተነስቶ «ኧርል ሮበርት ኢተን» አለው። ጨዋ አነጋገርና የሻይ ወግ ተማረ ተባለና መኳንንት ሆኖ አረፈው። የባሰው ግን ቡከር ቲ ነው።

የሂውስተኑ ቡከር ቲ በ2006 «ኪንግ ኦፍ ዘ ሪንግ» የሚባለውን የደብሊው ደብሊው ኢ ውድድር አሸነፈ። ንጉሥ ሲሆን ምን አደረገ? ዘውድ ደፋ፣ ካባ ደረበ፣ እንግሊዝኛውን ቀየረ። በአንድ ጀምበር የቴክሳስ አነጋገሩ ጠፍቶ ቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት ያደገ መሰለ። ሚስቱ ሻርሜል ደግሞ ከጎኑ ሆና ለንጉሡ እጅ ንሱ እያለች ትጮሃለች። አልዋሽም፣ ስቄያለሁ።

ቀጥሎ የመጣው ግን አያስቅም። በዚያው ዓመት ጁላይ፣ ያውም «ግሬት አሜሪካን ባሽ» በሚባል ትርኢት ላይ፣ ይህ የውሸት እንግሊዛዊ ሬይ ሚስቴሪዮን ጥሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እስከዚያ ቀን ድረስ ብሪታኒያ ተወልዶ የዚህን ኩባንያ የዓለም ቀበቶ የታጠቀ አንድም ሰው አልነበረም። ዴቪ ቦይ ስሚዝ አልታጠቀም። ዳይናማይት ኪድ አልታጠቀም። ዊልያም ሪጋል አልታጠቀም። የመጀመሪያው የአገሩ ልጅ እስኪመጣ ሌላ 14 ዓመት ፈጀ። ዘውድና አነጋገሩ ለሻምፒዮን ያን ያህል የሚመጥን ከሆነ ለባለቤቶቹ ለምን አልሆነም? አሜሪካዊው ካባውን ሲለብስ ቀልድ ነው፤ ሲሰለቸው አውልቆት ወደ ራሱ ይመለሳል። ቡከርም ተመልሷል። እንግሊዛዊው ሲለብሰው ግን ሰውየው ራሱ ቀልድ ይሆናል። ዌድ ባሬትን አይታችኋል። የፕሬስተን ልጅ፣ ግዙፍ፣ አንደበቱ የሰላ። በ2015 ያንኑ ዘውድ ሲደፋ ምን ተረፈው? በዘውዱ የሚያሾፍ አር ትሩዝ የሚባል አሜሪካዊ ሬስለር። ማሾፉ ሳያንስ ትሩዝ አሸነፈው። በዓመቱ ባሬት ኩባንያውን ለቀቀ።

ሪጋል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የዚህን ሰውዬ ነገር ሳስብ ደሜ ይፈላል። የስታፎርድሻየር ገጠር ልጅ ነው። ገና በጉርምስናው ብላክፑል በሚገኝ መዝናኛ ስፍራ፣ ከተመልካች መሀል እችለዋለሁ ብሎ ከሚወጣ ሁሉ ጋር እየገጠመ ነው ሥራውን የተማረው። በ1993 አሜሪካ ሲደርስ «ሎርድ ስቲቨን ሪጋል» ሆነ። ሎርድ! ያ ልጅ ሎርድ በአጠገቡ አልፎም የሚያውቅ አይመስለኝም። ከዚያ ደብሊው ደብሊው ኤፍ (የደብሊው ደብሊው ኢ የድሮ ስም ነው) ወስዶ ኮሚሽነር አደረገውና ከረዳቱ ከታጂሪ ጋር የሻይ ቀልድ ያሠራው ጀመር። በኖቬምበር 2001 የኩባንያው አለቃ ቪንስ ማክማሃን ሪንግ መሀል ሱሪውን ዝቅ አድርጎ መቀመጫዬን ሳም አለው። ሪጋል ሥራው እንዳይቀርበት ተንበርክኮ ሳመ። ኩባንያው የመቀመጫ ሳሚዎች «ክለብ» ብሎ ላቋቋመው ቀልድ የመጀመሪያው አባል እሱ ነው። ታሪኩ እንደዚያ ስለተጻፈ ነው ትሉኛላችሁ። የኔም ጥያቄ ይኸው ነው። እንደዚያ ሲጻፍ ለምን እሱ ተመረጠ?

አሁን የሪጋልን አንድ ግጥሚያ ከፍታችሁ እጁን ብቻ ተከተሉ። የተጋጣሚውን አንጓ ይይዛል፣ ይጠመዝዛል፣ ክርኑን መንጋጋ ላይ አሳርፎ እንደ ሞረድ ያሻሸዋል። ጣት ካገኘ ጣት ያጥፋል። ትንፋሽ የሚወስድበት ሰዓት እንኳን ተጋጣሚው እያመመው ነው። ይሄ የቤተ መንግሥት ትምህርት አይደለም። የላንክሻየር ነው። ዊጋን ውስጥ ቢሊ ራይሊ የሚባል ሰው ጂም ነበረው፤ «የእባብ ጉድጓድ» ይሉታል። የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ከተማ ነው። ኬች የሚባለው የትግል ስልት እዚያ ነበር የሚሰለጠነው። ካርል ጎችና ቢሊ ሮቢንሰን ከዚያ ወጥተው ጃፓንን አስተማሩ። አሜሪካም ብትሆን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሬስሊንግ ብላ የያዘችው መሠረቱ ይኸው ኬች ነው። ዛሬ ቴሌቪዥን ላይ የምናየው ቁልፍና ጥምዘዛ ብዙው የእነዚያ ከሰል ቆፋሪዎች ውርስ ነው። አሜሪካኖቹ ሙያውን ወሰዱ፣ ባለሙያውን ሻይ አስያዙት።

እንግሊዞች ቢጠሉትማ ትኬት አይገዙም ነበር የሚል አለ። ይሄ የባሰ ደካማ ክርክር ነው። ብሪታኒያ የራሷ ሬስሊንግ ነበራት። ቅዳሜ ከሰዓት አይቲቪ ላይ ቢግ ዳዲንና ጃያንት ሄይስታክስን ሚሊዮኖች ያዩ ነበር። በ1988 ጣቢያው ከፕሮግራሙ አወጣው። ከዚያ በኋላ ያደገ ልጅ በሳተላይት የመጣለትን አሜሪካዊ ሬስሊንግ አየ፣ ወደደ፣ አድጎም ትኬት ቆረጠ። ሌላ ምን አማራጭ ነበረው? የተራበ ሰው በላ ማለት ምግቡ ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

ያ ትኬት የቆረጠ ሰው ምን ያገኛል? ሽንፈት። ለዚህ እስካሁን የሚጠቀስልን ማስተባበያ የለንደኑ ዌምብሊ ስታዲየም፣ 1992 ነው። ኦገስት 29፣ ሰመርስላም የሚባለው ትርኢት። ቦክሰኛው ሌኖክስ ሉዊስ የብሪታኒያን ባንዲራ ይዞ ከፊት እየመራ፣ ኩባንያው 80,355 ባለው ሕዝብ ፊት ዴቪ ቦይ ስሚዝ ብሬት ሃርትን አሸነፈ። ድንቅ ምሽት ነበር፤ ይሄን አልክድም። የኢንተርኮንቲኔንታል ቀበቶው ግን ሦስት ወር እንኳን አልቆየበትም፣ አሜሪካ ላይ ሾን ማይክልስ ወሰደበት። በ1997 ደግሞ በርሚንግሃም ላይ ያው ማይክልስ የአውሮፓ ቀበቶውንም ወሰደበት። ዴቪ ቦይ ግጥሚያውን በካንሰር ለታመመች እህቱ መታሰቢያ አድርጎት ነበር። እህቱ ሪንጉ አጠገብ ተቀምጣ እያየች ነው የተሸነፈው፣ ያውም በማይክልስ ጓደኞች እገዛ።

ስኮትላንዳዊውን ድሩ ማክንታየርንስ? ሴፕቴምበር 2022፣ ካርዲፍ። ኩባንያው ብሪታኒያ ስታዲየም ውስጥ ትርኢት ሲያዘጋጅ በ30 ዓመት የመጀመሪያው ነው። ስታዲየሙ በሙሉ የእሱ ነበር። ተጋጣሚው ሮማን ሬይንስ ሊሸነፍ ሲል የሬይንስ ዘመድ ሶሎ ሲኮዋ ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ብሎ ዳኛውን ጎትቶ አወጣው። ማክንታየር ተሸነፈ። ከዚያ ማይክ ተሰጥቶት ከቦክሰኛው ከታይሰን ፊውሪ ጋር ዘፈነ። አገሩ ላይ የተሸነፈ ሰው ዝፈን ተብሎ ዘፈነ! ጁን 2024 ግላስጎው ላይ ደገሙት። ከትውልድ ከተማው ከኤር የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳን አይሆንም። ጠላቱ ሲኤም ፓንክ የዳኛ ልብስ ለብሶ መጣ፣ ለማሸነፍ ከሚያስፈልገው ሦስት ቆጠራ ሁለቱን ቆጥሮ ሦስተኛውን እምቢ አለ፣ ማክንታየርንም ከወገቡ በታች መታው። ተጋጣሚው ዴሚየን ፕሪስት ቀበቶውን ይዞ ሄደ። የብሪታኒያ ሕዝብ በሰው ሰርግ አጃቢ ነው። ጉሮሮው እስኪደርቅ ያደምቃል፣ ሙሽራው ግን ሁልጊዜ ሌላ ነው።

ማክንታየር በ2020 ሻምፒዮን ሆኗል እኮ! አዎ ሆኗል። ብሮክ ሌስናርን ጥሏል። የት? ኦርላንዶ፣ በኮቪድ ምክንያት አንድም ተመልካች በሌለበት ባዶ የማሰልጠኛ አዳራሽ ውስጥ። ያ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ወረርሽኝ ነው። ወረርሽኙ አልፎ ስታዲየሙ ሲሞላ ግን ያየነውን አየን።

ተፎካካሪው የአሜሪካ ኩባንያ ኤ ኢ ደብሊው ትንሽ ይሻላል። በ2023 ዌምብሊ ላይ የኖሪችዋ ሳራያ ቀበቶ አሸነፈች። በ2024 እዚያው እንግሊዛዊው ዊል ኦስፕሬይ አሜሪካዊውን ኤም ጄ ኤፍን ረታ። ሆኖም ኤም ጄ ኤፍ ይዞት የነበረው ቀበቶ ምን ነበር? የኢንተርናሽናሉን ቀበቶ ወርውሮ «አሜሪካን ሻምፒዮን» ነኝ ብሎ ያሠራው ቀበቶ ነው። እንግሊዛዊው ጀግና የሚሆነው ባንዲራ የጠቀለለ አሜሪካዊ ፊቱ ሲቆም ብቻ ነው። የራሱ ታሪክ የለውም።

አንዳንዱ ደግሞ ሬስሊንግ ሁሉንም ያጋንናል፣ እንግሊዝ ምን የተለየ አደረጋት ይላል። እንዲያውም ሐበሻ ሆነህ ለእንግሊዝ ምን አስጨነቀህ ያለኝም አለ። የሚያስጨንቀኝማ ካማላን ስላየሁ ነው። ፊቱን ቀለም ተቀብቶ፣ ጦርና ጭንብል ይዞ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ሆዱን እየመታ የሚገባው «የኡጋንዳው ግዙፍ»። ሰውየው የሚሲሲፒ ተወላጅ ነበር። ኮፊ ኪንግስተንም ጋና ተወልዶ በ2008 ሲጀምር ጃማይካዊ ተባለ፤ ለአሜሪካኖቹ ያው ነው። ፋብሪካው አንድ ነው። ሎርዱንም አረመኔውንም የሚፈለፍለው እሱ ነው። ሁሉንም ያጋንናል የሚለው ሰው ይሄን ማስተባበያ ብሎ ማቅረቡ ይገርመኛል፤ ለኔ ክሱ ራሱ ነው።

ይሄ ሁሉ የድሮ ወሬ ነው የሚል ካለ ፒት ደንን ይጠይቅ። የበርሚንግሃም አካባቢ ልጅ ነው። የተጋጣሚውን ጣቶች አንድ በአንድ ለይቶ ወደ ኋላ ሲያጥፍ እኔ ሶፋዬ ላይ ሆኜ እጄን እደብቃለሁ። የዩናይትድ ኪንግደም ቀበቶን 685 ቀን ይዞ ቆይቷል። በ2022 ወደ ዋናው ትርኢት ሲያሳድጉት ስሙን «ቡች» አሉት፣ ኮፍያ ደፉበት፣ እንደ ተለቀቀ ቡችላ ሪንጉን እየዞረ እንዲሮጥ አደረጉት። የቡድኑ አለቃ ደግሞ ሼመስ ነው፤ የደብሊን ሰው፣ አየርላንዳዊ። ለጸሐፊዎቹ ያው በያው ነው። ስሙ የተመለሰለት በ2024 መጀመሪያ ነው። ያኔ ከሌላው እንግሊዛዊ ከታይለር ቤት ጋር አጣምረው «ኒው ኬች ሪፐብሊክ» አሏቸው። የዊጋን ስልት በስሙ ሲጠራ ሰማሁና ደስ አለኝ። ጥቂት ወራት ሄደ፣ ታይለር ቤት ተጎዳ፣ ነገሩ ተረሳ። በ2025 ደግሞ ሜክሲኳዊ ነን የሚሉ ሁለት ጭንብል ለባሾች፣ ራዮና ብራቮ «አሜሪካኖ» ተብለው ብቅ አሉ። ብቅ ሲሉ ኩባንያው ማን እንደሆኑ አልተናገረም። ደጋፊው ግን በአያያዛቸው ለየላቸው፦ ፒት ደንና ታይለር ቤት ናቸው። ኮፍያውን አውልቁልን ስንል የአሜሪካ ጭንብል አጠለቁላቸው።