ማስተካከያ፦ ቱቦው ስለገጠመ ምድጃው ለሲሊንደር ይሆናል ማለት አይደለም

ሰሞኑን ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ሲቀባበለው የሰነበተ ጽሑፍ «ከውጭ የመጣ የጋዝ ምድጃ ሁሉ በሲሊንደር ይሠራል፤ ሬጉሌተር መቀየር ብቻ ነው» ይላል። ይሄ ስህተት ነው።

እኛ ጋ በሲሊንደር የሚመጣው ቡቴን ወይም ፕሮፔን ነው። በብዙ የውጭ ከተሞች ግን በመስመር የሚገባው የተፈጥሮ ጋዝ ነው። በእኩል መጠን ሲለካ ቡቴን የተፈጥሮ ጋዝን ሦስት እጥፍ ገደማ ሙቀት ይሰጣል። ስለዚህ ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ፣ ኖዝሉ፣ መጥበብ አለበት። የእሳት ማውጫውን ክዳን አንሱና ወደ ውስጥ እዩ። መሃል ላይ ባለችው ትንሽ የነሐስ ብሎን ላይ ብዙ ጊዜ ቁጥር ተቀርጿል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ጠባብ ነው።

ምድጃው ለየትኛው ጋዝ እንደተሠራ በአምራቾች የመግጠሚያ መመሪያና ከምድጃው ሥር በሚለጠፈው ምልክት ላይ ተጽፎ ይገኛል። በአውሮፓ ደረጃ ለተሠራ ምድጃ «ጂ 20 (G20)፣ 20 ሚሊባር» የተፈጥሮ ጋዝ ነው (ሚሊባር የጋዙ ግፊት መለኪያ ነው)፤ «ጂ 30 (G30)፣ 28-30 ሚሊባር» ደግሞ ቡቴን። ሳትከፍሉ በፊት ገልብጣችሁ አንብቡ።

ኖዝሉ ሳይቀየር ከተለኮሰ እሳቱ ይረዝማል፣ ቢጫ ይሆናል፣ የጀበናውን ቂጥ ጥላሸት ያለብሳል። ጥላሸቱስ ይታጠባል። የሚያስፈራው ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ በደሴ ብርድ መስኮት ዘግቶ ለሚያበስል ደግሞ ይብሳል።

ጽሑፉን አምናችሁ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ሲሊንደሩን ዝጉና ኖዝሉን በባለሙያ አስቀይሩ። መለዋወጫው ብዙ ጊዜ በትንሽ ላስቲክ ተጠቅልሎ ከምድጃው ጋር ይመጣል፤ ካርቶኑን ሳትጥሉ ፈልጉት።